ልብስ ማድረቂያ ማሽንዎ ሲያስቸግር፦ ለሀዋሳ ቤቶች የእንክብካቤና የብልሽት መፈለጊያ መመሪያ

ሀዋሳ ላይ ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እየተመላለሰ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል። ጠዋት በፀሐይ የተሰጣ አንሶላ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመታዋል፤ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለው ደግሞ ሳይደርቅ ይሸታል። ሕፃን ያለበት ቤት፣ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ማስጫ ያጣ ቤተሰብ፣ እንግዳ የሚያሳድር ሰው ማድረቂያ ማሽን የሚገዛው ወይም ከውጭ የሚያስመጣው ለዚህ ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ተመሳሳይ አቤቱታ ይሰማል፦ «ይሽከረከራል እንጂ አያሞቅም»፣ «ሁለት ሰዓት ሠርቶም ልብሱ እርጥብ ነው»፣ «የመብራት ካርዱን ጨረሰው»።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ማድረቂያ ልብስን የሚያደርቀው በሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሞቆ የገባው አየር እርጥበቱን ይዞ ሲወጣ ነው። የአየሩ መንገድ ከተዘጋ ማሞቂያው የቱንም ያህል ቢሠራ ልብሱ በራሱ እንፋሎት ውስጥ ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ ብልሽት ሲፈልጉ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ አየሩን፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ በመጨረሻ የማሽኑን ሆድ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ያልተበላሸ ዕቃ ያስቀይራል።

የሚያስፈልግዎ መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ ውሃ ልክ፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ትንሽ አቼቶ፤ ከተገኘ ቫኪዩም። ማንኛውንም ክፍል ከመንካትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ማሽኑ ቢቆምም መብራት ውስጡ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 1፦ የያዙት ማሽን የትኛው እንደሆነ ይለዩ

የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም፤ ስለዚህ ከዚህ ይጀምሩ።

ባለ ቱቦው እርጥቡን አየር በኋላ በኩል ወደ ውጭ ያስወጣል። ባለ ኮንደንሰሩ እርጥበቱን አቀዝቅዞ ወደ ውሃ ይለውጥና እንደ መሳቢያ በሚወጣ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያከማቻል። ሂት ፓምፕ የሚባለውም ውሃ ያጠራቅማል፤ ነገር ግን በማሞቂያ ፋንታ ኮምፕረሰር ስላለው የሚበላው መብራት አነስተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዋት በታች ነው። የቀሩት ሁለቱ ከ2,000 እስከ 2,700 ዋት ሊደርሱ ይችላሉ።

ማጠቢያና ማድረቂያ በአንድ የሆነው ማሽን የራሱ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ እርጥበቱን የሚያቀዘቅዙት በቧንቧ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ደርቆ ሳለ «አድርቅ» ቢሉት ሞቆ ሞቆ ልብሱን እርጥብ አድርጎ ይመልስልዎታል፤ ማሽኑ ግን አልተበላሸም። ከሮቶ ውሃ በቂ ግፊት እንዲደርሰው ያድርጉ። ሌላም ነገር ያስተውሉ፦ የሚያደርቀው መጠን ከሚያጥበው ያነሰ ነው። 8 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን 5 ኪሎ ብቻ ሊያደርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ከፊሉን ልብስ ያውጡ።

ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ላይ «ማድረቂያ» የሚባለው ትንሹ ገንዳ ደግሞ በፍጥነት እያሽከረከረ ውሃውን ይጨምቃል እንጂ ሙቀት የለውም። እሱ እየተንቀጠቀጠ ካስቸገረ ልብሱን ዙሪያውን እኩል ያስቀምጡ፣ የላይኛውን የፕላስቲክ መክደኛ ይጫኑ፣ ክዳኑ በደንብ መገጠሙን ይዩ። ክዳኑ ካልተገጠመ አይዞርም፤ እጅ እንዳይቆርጥ ተብሎ የተሠራ ነውና ማብሪያውን አታልለው ክዳኑ ተከፍቶ እንዲዞር አያድርጉ።

ደረጃ 2፦ የመብራቱን መስመር ለማሽኑ የሚመጥን ያድርጉ

በመጀመሪያ ከማሽኑ ኋላ ወይም ከበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የተላከ ማድረቂያ በአብዛኛው የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፤ ሞተሩ በ120፣ ማሞቂያው በ240 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ሶኬቱም የተለየ ነው። የሳዑዲ ዕቃም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፣ ኸርዙን ግን አይቀይርም፤ ስለዚህ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ዘመድ ማሽን ሊልክልዎ ከሆነ ከመጫኑ በፊት የዚህን ጽሑፍ ፎቶ ያስልኩ።

2,500 ዋት የሚወስድ ማሽን በ220 ቮልት ከ11 አምፔር በላይ ይስባል። ለዚህ 16 አምፔር የሚችል፣ ኧርዝ ያለው የግድግዳ ሶኬት፣ ከኋላውም ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት በየቤቱ የሚታይ ስህተት ነው። ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሶኬቱን ዙሪያ በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ አጥፍተው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ኧርዙ ቅንጦት አይደለም። ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ቢነካ መብራቱን ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው፤ ከሌለ የሚያልፈው በሚነካው ሰው በኩል ነው። አሮጌ ቤት ወይም ሰርቪስ ክፍል ከተከራዩ ኧርዙ በትክክል መዘርጋቱን ያስመርምሩ።

እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓት ማድረቂያውን አያስነሱ። ምጣዱ ብቻውን 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ብሬከሩን ይጥላሉ፣ የከፋ ከሆነም ሽቦውን ያግላሉ። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም ቮልቱ መውረዱንም አይርሱ። 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያው ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። «ቀን በደንብ ያደርቅ ነበር፣ ማታ አልሆንልኝ አለ» ካሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል ሰዓቱን ቀይረው ይሞክሩ።

ስታቢላይዘር ከገዙ መጠኑን ያመዛዝኑ። ለቴሌቪዥን የተሠራው ማድረቂያ አይሸከምም። ለ2,500 ዋት ማሽን ወደ 5,000 ቪኤ የሚጠጋ ቢሆን ይመረጣል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ያስተካክሉ

ማሽኑ ውሃ ልክ ሆኖ ካልቆመ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማዎቹና ኩሽኔታው ያለጊዜያቸው ይበላሉ። ውሃ ልኩን ከላይ ያስቀምጡና የእግሮቹን ብሎን እያዞሩ ያስተካክሉ። ከኋላና ከጎን ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። ባለ ኮንደንሰሩና ሂት ፓምፑ የክፍሉን አየር ለማቀዝቀዣ ስለሚጠቀሙ በተዘጋ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይዳከማሉ፤ መስኮት ወይም በር ይከፈትላቸው። ከሰል ምድጃ፣ ቤንዚን ወይም ቀለም አጠገባቸው አይቀመጥ።

ሂት ፓምፕ ሲያጓጉዙ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ። አይሱዙ ላይ ተኝቶ የመጣ ከሆነ ወዲያው አያስነሱት። በኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ፊልተሩን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ያጽዱ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ደረጃ ብቻ የሚተገብሩ ከሆነ ይህኛውን ይተግብሩ። ከልብስ የሚረግፈው ጥጥ መሰል ብናኝ በበሩ አፍ ወይም በላይ በኩል በሚገኘው ፊልተር ላይ ይከማቻል። አየሩን የሚያንቀው እሱ ነው፤ ደርቆ ሲከማችም በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ፊልተሩን ያውጡ፣ ብናኙን በጣትዎ ጠቅልለው ያንሱ፣ መልሰው ይግጠሙ። ፊልተሩ ተቀዶ ወይም ሳይገጠም ማሽኑን አያስነሱ፤ ብናኙ በቀጥታ ወደ ማሞቂያው ይሄዳልና።

ዓይን የማያየው ሌላ ችግርም አለ። የልብስ ማለስለሻ የሚጠቀሙ ሰዎች ፊልተር ላይ ቅባት መሰል ስስ ሽፋን ይቀራል፤ ሲያዩት ንጹህ ይመስላል፣ አየር ግን አያሳልፍም። ቧንቧ ሥር ይዘው ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው ወዲያው ካለፈ ደህና ነው፤ ላዩ ላይ ከተኛ በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው፣ ፈጽሞ አድርቀው ይመልሱት። ፊልተሩ የሚገባበትን ቀዳዳም በየወሩ በባትሪ እያዩ በቫኪዩም ወይም በረጅም ብሩሽ ያጽዱ።

ደረጃ 5፦ አየሩ የሚወጣበትን መንገድ ይክፈቱ

*ባለ ቱቦ ከሆነ፦* ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ይሁን፤ አጭር ይሁን፤ እጥፋቱም ይነስ። በስህተት የሚሠሩት አራት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ መቀጠል። ብናኝ ይይዛል፣ እሳት ሲነሳም አብሮ ይነዳል።

ሁለተኛ፣ ቱቦውን ወደ ኮርኒስ ውስጥ መልቀቅ። እርጥበቱ ችፕውዱን ያበሰብሳል፣ ብናኙም እዚያው ይከማቻል።

ሦስተኛ፣ መጋጠሚያውን ወደ ውስጥ በሚወጣ ብሎን ማሰር። የብሎኑ ጫፍ ብናኙን እየያዘ ይደፍነዋል። በአሉሚኒየም ፕላስተርና በውጭ በኩል በሚታሰር ፋሻ ብረት ይሰሩት።

አራተኛው በሀዋሳ በተለይ ያሰጋል። ሐይቁ ለሚቀርባቸው ሰፈሮች ትንኝ ትልቅ ጭንቀት ስለሆነ የቱቦውን የውጭ አፍ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ተገቢ ይመስላል። ወንፊቱ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ በብናኝ ይደፈናል። በእሱ ፋንታ አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ማሽኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ያስገጥሙ፤ ትንኝንም ወፍንም ይከለክላል። ማሽኑ ሲሠራ ውጭ ወጥተው እጅዎን አፉ ላይ ያድርጉ፤ ጠንካራና ሞቃት አየር ሊሰማዎ ይገባል። ከደከመ ቱቦውን ፈትተው ይጥረጉት።

*ባለ ኮንደንሰር ከሆነ፦* ውሃውን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይድፉ። ቤት መወልወያ ይሆናል፣ ለመጠጥ ግን አይደለም። ከታች ያለውን ኮንደንሰር በወር አንድ ጊዜ አውጥተው ቧንቧ ሥር ያጠቡት፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ይመልሱት፤ መዝጊያው ላይ ያለውን ጎማም ይጥረጉ።

*ሂት ፓምፕ ከሆነ፦* ስስ የብረት ቅጠሎቹ በቀላሉ ስለሚታጠፉ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ቅጠሎቹ አቅጣጫ ብቻ ያጽዱ። አንዳንዱ ራሱን ያጸዳል፣ በእጅ አይነካም፤ መመሪያውን ይመልከቱ።

*ማጠቢያና ማድረቂያ በአንድ ከሆነ፦* ብናኙ ከውሃው ጋር ስለሚሄድ ከታች ፊት ለፊት ያለውን የፓምፕ ፊልተር በየወሩ ፈትተው ያጽዱ። ሥሩ ሰፊ ዕቃ ያስቀምጡ፣ ውሃ ይወጣልና።

ደረጃ 6፦ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ይወስኑ

ልብሱ በደንብ ሳይጨመቅ አያስገቡ። በ1,200 ዙር የተጨመቀ ልብስ በ600 ዙር ከተጨመቀው እጅግ ያነሰ ውሃ ይይዛል፤ ማጠቢያው በደቂቃዎች የሚጨምቀውን ውሃ ማድረቂያው ለማትነን ብዙ መብራት ይበላል። 2,500 ዋት የሚወስድ ማሽን ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ከሠራ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ የመብራት ታሪፉም ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው ከፍ የሚል ነው። ፀሐይ ባለ ቀን ልብሱን አስጥተው ጨርሶ ያልደረቀውን ብቻ ለማሽኑ መስጠት ካርድ ይቆጥባል።

ከበሮውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ፤ ልብሱ ካልተገላበጠ አየር አያልፍበትም። ጋቢና ብርድ ልብስን ከስስ ልብስ ጋር አይቀላቅሉ፤ ስሱ ደርቆ ሲጎዳ ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው። ጋቢ ብዙ ብናኝ ስለሚያራግፍ በመሃል አቁመው ፊልተሩን ይጥረጉ። በእጅ የተሸመነ ነጠላና ጥበብ ያለው የሀገር ልብስ በከፍተኛ ሙቀት ሊኮማተር፣ ጥለቱም ቀለሙን ሊለቅ ስለሚችል ጥላ ሥር ቢደርቅ ይሻላል።

አሁን ደግሞ አደገኛው። ዘይት የነካው ጨርቅ ከታጠበ በኋላም ቅሪቱ ሊኖርበት ይችላል። ኑግ፣ ሱፍና ተልባን የመሰሉ የቅባት እህሎች ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያመነጫል፤ ሞቆ የወጣ የወጥ ቤት ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በቅቤ የራሰ ሻሽ፣ የማሸት ዘይት የነካው ፎጣ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ግሪስ ያለበት የጋራዥ ቱታ ወደ ማድረቂያ አይግባ። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። ስፖንጅና ጎማ ያለበት ነገርም እንዲሁ።

ደረጃ 7፦ መብራት በመሃል ሲጠፋ

ማድረቂያ ሥራውን የሚጨርሰው ያለ ሙቀት እያሽከረከረ ልብሱን በማቀዝቀዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ይህ ይቀራል፣ ትኩስ ልብስ ተከምሮ ይቆያል። ስለዚህ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ በሩን ይክፈቱ፣ ልብሱን ሁሉ አውጥተው ይዘርጉ። «ሲመጣ ይቀጥላል» ብለው ትተው ከቤት አይውጡ። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው አይሰኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው አምፖሉ ሳይርገበገብ መብራቱን ካዩ በኋላ ያስነሱ።

ደረጃ 8፦ ብልሽቱን በምልክቱ ይፈልጉ

ጨርሶ አይነሳም። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ። ብሬከሩን ይዩ። በሩ «ቀጭ» ብሎ መዘጋቱን፣ የሕፃናት መቆለፊያው አለመብራቱን ያረጋግጡ፤ የማስነሻውን ቁልፍ ጥቂት ሴኮንድ ይጫኑ። የውሃ ማጠራቀሚያው ከሞላም ብዙ ማሽን አይነሳም።

ይዞራል፣ አያሞቅም። ያለ ሙቀት የሚሠራ ፕሮግራም ተመርጦ ይሆን? ቀጥሎ ፊልተሩንና ቱቦውን ያጽዱ፤ አየር ሲታፈን መከላከያው ሙቀቱን ይቆርጣልና። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሞቀ የተቆረጠ ማሞቂያ ወይም የተቃጠለ የሙቀት ፊውዝ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው መብራቱን ነቅሎ በቴስተር ይለካል፤ የ2,500 ዋት ማሞቂያ በ20 ኦም አካባቢ ሊያነብ ይገባዋል።

ይሞቃል፣ ግን አያደርቅም። ሁልጊዜም ከደረጃ 4 እና 5 ይጀምሩ። ባለ ቱቦ ከሆነ ቱቦውን ከማሽኑ አላቀው፣ መስኮት ከፍተው፣ አጠገቡ ሆነው አንድ ዙር ይሞክሩ። ያን ጊዜ ቶሎ ካደረቀ ችግሩ ያለው ቱቦው ላይ ነው።

ልብሱ ሳይደርቅ «ጨረስኩ» ይላል። ከበሮው አፍ አጠገብ ያሉት ሁለት የብረት ዘንጎች እርጥበት የሚለኩ ናቸው። ማለስለሻ ሲሸፍናቸው ይሳሳታሉ። አቼቶ በነካ ጨርቅ ጠርገው ያድርቋቸው።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ከበሮው አይዞርም። ወዲያው ያጥፉ። ነቅለው ከበሮውን በእጅ ያዙሩ፤ ያለ ምንም ክብደት ከዞረ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ከብዶ ካልዞረ የተቀረቀረ ነገር ወይም የተበላ ኩሽኔታ ይጠርጥሩ።

ይንኳኳል ወይም ይጮኻል። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ዚፕ ይፈልጉ፤ ኪስ መፈተሽ ልማድ ይሁን። ካልተገኘ ውሃ ልኩን እንደገና ይዩ። «ጢ» የሚል የማያቋርጥ ጩኸት የሮለር ወይም የኩሽኔታ ነው።

ብሬከር ይጥላል ወይም ሲነኩት ይነዝራል። ደግመው አይሞክሩ። ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ።

የመቃጠል ሽታ አለ። አጥፍተው ይንቀሉ። ጭስ ከታየ በሩን አይክፈቱ፣ አየር እሳቱን ያቀጣጥለዋል፤ ከዋናው ብሬከር ያጥፉ፣ ውሃ አይድፉበት፣ ሰዉን ሁሉ ይዘው ይውጡና እሳት አደጋ ይጥሩ። የከተማውን የእሳት አደጋ ስልክ ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ባለሙያ ሲጠሩ

ሠሪው ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት ያዩትን ምልክትና እስካሁን ያጸዱትን ይንገሩት፤ ግምቱን ያሳጥርለታል፣ ወጪዎንም ይቀንሳል። የሚቀየረው ዕቃ በቴስተር ሲለካ ይዩ፣ አሮጌውንም ይረከቡ።

በአንድ ነገር ላይ ግን በፍጹም አይስማሙ። የሙቀት ፊውዝ ሲቃጠል አንዳንዱ ሠሪ ዕቃው አልተገኘም ብሎ ሁለቱን ሽቦ ያገናኝና «ዳይሬክት» ያደርገዋል። ማሽኑ ያን ዕለት ይሞቃል፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያቆመው አንድም ነገር የለም። ፊውዙ የተቃጠለው ቤትዎን ለማዳን ነውና ተመሳሳዩ እስኪገኝ ማሽኑ ይቁም። ፊውዙ ሲቀየርም ለምን እንደተቃጠለ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ የተደፈነ የአየር መንገድ ነው፤ እሱ ካልተጸዳ አዲሱም አይሰነብትም።

ደረጃ 10፦ ቋሚ ፕሮግራም ያውጡ

- በየዙሩ፦ ፊልተሩን መጥረግ፣ ውሃውን መድፋት፣ ኪስ መፈተሽ፣ ሠርቶ ሲጨርስ መንቀል።
- በየወሩ፦ ኮንደንሰሩን ወይም የውጭ ክዳኑን ማጽዳት፣ የእርጥበት ዘንጎቹን በአቼቶ መጥረግ፣ ሶኬቱን መፈተሽ።
- በየሦስት ወሩ፦ ፊልተሩን በሳሙና ማጠብ፣ ውሃ ልኩን ማየት።
- በዓመት አንድ ጊዜ፦ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማጽዳት፤ የማሽኑን ውስጥ በባለሙያ ማስጠረግ። ለዚህ የካቲት ይመረጣል፤ ዝናቡ ሳይጀምርና ማሽኑ ሥራ ሳይበዛበት ይደርሳል።

ይህን ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ማሽኑ ላይ ይለጥፉ፤ ልብስ የሚያጥብ ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዎንም ጨምሮ፣ እንዲያውቀው አብረው አንድ ጊዜ ይሥሩት። ማሞቂያ ለማስቀየር ብር ከመቁጠርዎ በፊትም ፊልተሩን አውጥተው ቧንቧ ሥር ይያዙት፤ ውሃው ካላለፈ የብልሽቱን ምክንያት ያለ አንዳች ወጪ አግኝተዋል።